እውነት ወይስ ተረት? ስለ ዘወትር ወይን የምናምናቸው ነገሮች

ስለ ወይን የምንሰማው ምክር አብዛኛው የተቀዳው ከባለጸጎች ገበታ ነው። የትኛው ቤት፣ የትኛው ዘመን፣ በምን ዓይነት ዋንጫ እየተባለ የሚነገረው ሁሉ ቅዳሜ ማታ ከወዳጅ ጋር አንድ ጠርሙስ ከፍቶ እራት መብላት ለሚፈልግ ሰው ብዙም አይጠቅመውም። እንዲያውም ይጎዳዋል፤ በማይረባ ነገር ላይ ገንዘቡን ያስወጣዋል፣ ሲብስም «ወይን ለእኔ አይሆንም» ብሎ እንዲተወው ያደርገዋል። እዚህ የማነሣው በበዓልና በሳምንቱ መጨረሻ የሚጠጣውን፣ ኪስ የማይጎዳውን ወይን ነው። እንዲህ ላለው ወይን ከዋጋው ይልቅ ትኩስነቱ፣ የተጓዘበትና የተቀመጠበት ሙቀት፣ ከምግቡ ጋር ያለው ስምምነት ይበልጣል። ተረቶቹ ደግሞ ዓይናችንን ከእነዚህ ላይ ያነሡብናል።

ተረት፦ ውድ ወይን ጥሩ ወይን ነው

ከፊሉ እውነት ነው፤ አብዛኛው ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 «ጆርናል ኦፍ ዋይን ኢኮኖሚክስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ የጠርሙሶቹ ማንነት ተሸፍኖ የተካሄዱ 17 ቅምሻዎችን ውጤት ሰብስቦ ነበር። ከ500 በላይ ሰዎች ከ1.65 እስከ 150 ዶላር የሚሸጡ ወይኖችን ምንነታቸውን ሳያውቁ ቀምሰው ከ6,000 በላይ ነጥብ ሰጡ። የወይን ትምህርት የሌላቸው ቀማሾች ውዶቹን ከርካሾቹ አላስበለጡም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ዝቅ አደረጓቸው። የሠለጠኑት ግን ወደ ውዶቹ የማዘንበል ምልክት አሳይተዋል። ይህ ሁለተኛው ውጤት መዘንጋት የለበትም፤ ውድ ወይን ውስጥ ብዙ ጊዜ በእርግጥ የተለየ ነገር አለ፣ እሱን ለመለየት ግን ምላስ መልመድ ይፈልጋል። ያልለመደ ሰው ርካሹን ቢወድ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ የተደረገ ሌላ ምርምር ደግሞ ሃያ ሰዎችን በአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ አስተኝቶ ወይን አቀመሳቸው። አንዱኑ ወይን አንድ ጊዜ «10 ዶላር ነው»፣ ሌላ ጊዜ «90 ዶላር ነው» እያሉ ሰጧቸው። 90 ዶላር ሲባል የበለጠ ጣፈጣቸው፤ አንጎላቸው ውስጥ ደስታን የሚመዘግበው ክፍልም ይበልጥ ሠራ። ሰዎቹ አልዋሹም፣ በእርግጥም ጣፍጧቸዋል። ጣዕሙን የለወጠው የሰሙት ቁጥር ነው። ስለዚህ ሁለት ወይን ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ጠርሙሶቹን በወረቀት ያስጠቅልል፣ ሌላ ሰው ይቅዳለት፣ ከዚያ ይፍረድ። ከየትኛውም ባለሙያ ምክር የበለጠ ስለ ራሱ ምላስ ያስተምረዋል።

ገንዘቡ ታዲያ የት ይገባል? አዲስ የፈረንሳይ ኦክ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል፤ 300 ጠርሙስ ማለት ነው። የአንዱ በርሜል ዋጋ ብዙ መቶ ዩሮ ስለሆነ በርሜሉ ብቻውን በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ሁለት ሦስት ዩሮ ይጨምራል። የቦርዶ ወይም የቡርጎኝ መሬት ውድነት፣ ወይኑ ሳይሸጥ የተቀመጠበት ዓመት፣ የማስታወቂያው ወጪ፣ በመጨረሻም የስሙ ክብር ይከተላል። በሌላ በኩል ጠርሙሱ፣ ክዳኑ፣ ካርቶኑ፣ መርከቡና የጭነት መኪናው ለርካሹም ለውዱም ያው ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ደግሞ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይስ፣ ሱር ታክስና 15 በመቶ ቫት አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ከውጭ ከመጡት ሁሉ በጣም በረከሰው ጠርሙስ ውስጥ ለወይኑ ራሱ የተከፈለው ገንዘብ ኢምንት ነው፤ የተከፈለው ለመንገዱና ለግብሩ ነው። አንድ እርከን ከፍ ሲባል ከተጨመረው ብር የሚበልጠው ድርሻ ወደ ወይኑ ይሄዳል። ከዚያ በላይ እየተወጣ ሲሄድ ወደ በርሜሉና ወደ ስሙ ያዘነብላል። የዘወትር ወይን ገዢ ቦታው ከታች ሁለተኛው እርከን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ መውረድም መውጣትም አያዋጣውም።

ስም ያልገነነባቸውን አካባቢዎች መፈለግም ያዋጣል። ከፈረንሳይ በቦርዶ ፈንታ ላንግዶክ፣ ከስፔን በሪዮሃ ፈንታ የካላታዩድና የካምፖ ዴ ቦርሃ ጋርናቻ፣ ከፖርቱጋል አሌንቴዡ። አረፋ ያለው ወይን ለሚወድ የስፔኑ ካቫ እንደ ሻምፓኝ ሁሉ አረፋውን የሚፈጥረውን ሁለተኛውን መፍላት ጠርሙሱ ውስጥ የጨረሰ ነው፤ ዋጋው ግን የሻምፓኝን ሩቡን እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ። በዋሽንግተንም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች ላሉ ወገኖቻችን እነዚህ ሁሉ በየሰፈሩ ሱቅ ይገኛሉ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ሸነን ብላን መፈለግ አለበት። ደቡብ አፍሪካ በዓለም ከሁሉም አገር በላይ ይህን ወይን የምታለማ ናት፤ ብዙ ስላላት ዋጋውን አታንረውም።

ተረት፦ ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል

ይህኛው በንግግራችን ውስጥ ሳይቀር ሥር ሰዷል፤ ዕድሜው ሲገፋ የሚያምርበትን ሰው «እንደ ወይን» እንለዋለን። በዓለም ከሚመረተው ወይን እጅግ የሚበዛው ግን ከለቀማው በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው። ለመቆየት የሚችል ወይን ብዙ ኮምጣጣነት ወይም ብዙ ስኳር፣ ቀይ ከሆነ ደግሞ ብዙ ታኒን፣ ማለትም አፍን እንደ ወፍራም ሻይ የሚያደርቀው ነገር ያስፈልገዋል። የዘወትር ወይን ሠሪዎች ደግሞ ሆን ብለው ይህን ይቀንሱታል፤ ወይኑ ዛሬ እንዲለሰልስ ይፈልጋሉና።

ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣው ጠርሙስ ሳሎን ውስጥ ቡፌ ላይ ቆሞ የልጅ ምርቃት ወይም ሠርግ የሚጠብቅበት ቤት ብዙ ነው። የተቀመጠው በፍቅርና በአክብሮት ነው፤ ወይኑ ግን በየወሩ እየደከመ ነው። ከመስኮት የሚገባው ብርሃን በተለይ በነጭ ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ነጭ ወይንና ሮዜ ያበላሻል። ቀን የሚሞቅ፣ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ክፍል ወይኑን እያሰፋና እያኮማተረ በቡሹ በኩል አየር ያስገባል። ለዓመታት ቆሞ የተቀመጠ ጠርሙስ ቡሹም ሊደርቅ ይችላል። ሠርጉ ሲደርስ ቀዩ ወደ ቡናማነት ተለውጦ፣ የፍሬው ሽታ ጠፍቶ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ካመጣው ሰው ጋር፣ ገና አገር ቤት ሳለ፣ አብሮ መጠጣት ይሻላል።

መደርደሪያ ላይ ስትመርጡ መጀመሪያ የለቀማውን ዓመት ተመልከቱ። በርካሽ ዋጋ ለሚሸጥ ነጭና ሮዜ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ፣ ለቀይ ከሦስት ከአራት ዓመት ያልበለጠ ይመረጣል። «ቅናሽ» ተብሎ ጥግ ላይ የተደረደረው አሮጌ ነጭ ወይን ብዙውን ጊዜ ቅናሹ የመጣው ጊዜው ስላለፈ ነው። በደቡባዊው የምድር ክፍል ወይን የሚለቀመው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ዓመቱ አንድ ቢሆንም የደቡብ አፍሪካው ከአውሮፓው ግማሽ ዓመት ያህል ይበልጣል።

ከዕድሜው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሙቀቱ ነው። ባሕር ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ወይን በብዛት የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ነው፤ ጅቡቲ ደግሞ በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ሙቀት በኮንቴይነር ውስጥ ቀናትን ያሳለፈ ወይን የበሰለ ጃም ዓይነት ሽታ ያመጣል፣ ሕይወቱም ይቀንሳል። ምልክቱ ከውጭ ይታያል፤ ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ወደ ላይ ገፍቶ ከወጣ፣ አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ የፈሰሰ ነገር ካለ፣ ወይም የወይኑ መጠን ከአጠገቡ ካሉት ጠርሙሶች ዝቅ ካለ ተዉት። ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ላይ ለጌጥ የቆመውንም እንዲሁ።

ተረት፦ የአገር ውስጥ ወይን ከውጭው ያንሳል

ከላይ ያልኩትን መንገድ ያሰበ ሰው ይህን ተረት በቀላሉ አይቀበለውም። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በዝዋይ፣ በዛሬዋ ባቱ አጠገብ ሥራ ጀምሮ ከፈረንሳይ የመጡ የወይን ችግኞችን ተከለ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ ላይ የዋሉት በ2014 ነው። «ሪፍት ቫሊ» በሚለው ስም ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞና ሻርዶኔ ይወጣሉ፤ «አካሺያ» ደግሞ ለስለስ ላለ ጣዕም የተዘጋጀ ነው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች የሆኑት ጉደርና አክሱሚት ከዚያ ቀደም ብለው ለረጅም ዘመን በየቤቱ የታወቁ ናቸው።

ወይን በልማድ የሚለማው ከምድር ወገብ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ባቱ 8 ዲግሪ ላይ ናት። እዚያ ሐረጉን የሚያስተኛ ብርዳማ ክረምት ስለሌለ፣ መቼ እንደሚያብብና መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው የገበሬው መቀስ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑ ደግሞ ሌሊቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ቀዝቃዛ ሌሊት በፍሬው ውስጥ ያለውን ኮምጣጣነት ይጠብቃል። ከባቱ እስከ አዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደብ የለም፣ የባሕር ጉዞ የለም፣ የጉምሩክ ቀረጥ የለም። በአንድ ዓይነት ዋጋ ከሚሸጡ ሁለት ቀይ ወይኖች አንዱ የአገር ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ የመጣ ከሆነ፣ ያለማመንታት የምመርጠው የአገር ውስጡን ነው፤ ከተከፈለው ብር የሚበዛው ጠርሙሱ ውስጥ አለና።

ብዙ ሰው የአገር ውስጥ ወይንን የሚንቀው ጣፋጩንና ድራይ የሚባለውን፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነውን፣ ሳይለይ ገዝቶ ስለሚያዝን ይመስለኛል። አክሱሚት ጣፋጭ ነው፤ ያንን ጠብቆ ድራይ ቀይ የከፈተ ሰው «ኮመጠጠ» ይላል፣ ድራይ ፈልጎ ጣፋጩን የከፈተ ደግሞ «ሽሮፕ ነው» ይላል። ሁለቱም ወይኖች ጥፋት የለባቸውም። ጣፋጭ ወይን መውደድም የጀማሪነት ምልክት አይደለም፤ የሃንጋሪው ቶካይ፣ የፈረንሳዩ ሶተርን፣ የፖርቱጋሉ ፖርቶ ጣፋጮች ሆነው በዓለም እጅግ ከተከበሩት ወይኖች ውስጥ ናቸው።

ተረት፦ የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ወይን ርካሽና ተራ ነው

የቡሽ ዋነኛ ችግሩ አንዳንዴ ቲሲኤ የሚባል ውህድ መያዙ ነው። ከመቶ ጠርሙስ ጥቂቶቹ በዚህ ምክንያት እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይሸታሉ። በአውስትራሊያ የክሌር ሸለቆ ወይን ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በአንድነት ምርጥ ሪስሊንጋቸውን በሚጠመዘዝ ክዳን ያወጡት ይህ ስላስመረራቸው ነው፤ የኒውዚላንድ ሠሪዎች በዓመቱ ተከተሏቸው፣ ዛሬ የኒውዚላንድ ወይን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመጣው በዚሁ ክዳን ነው። ለዘወትር ወይን ክዳኑ ከቡሽ ይሻላል።

በካርቶን ውስጥ በከረጢት የሚሸጠውም ያለ ምክንያት ይናቃል። ከረጢቱ ወይኑ በተቀዳ ቁጥር እየተኮማተረ አየር ስለማያስገባ፣ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታትን ይቆያል። በስዊድን ብዙ ቤተሰብ ወይን የሚገዛው በዚህ መልክ ነው። ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ተረት፦ ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል

የየትኛው ክፍል? አባባሉ የመጣው ማሞቂያ ካልነበራቸው የአውሮፓ ቤቶች ነው፤ እዚያ የክፍል ሙቀት ማለት ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ነበር። የአዲስ አበባ ቤት በሌሊት ለዚህ ይቀርባል። የድሬዳዋ፣ የአዳማ፣ ወይም በሐምሌ የዋሽንግተን ሳሎን ግን ከ27 በላይ ይሆናል፤ በዚያ ሙቀት አልኮሉ አፍንጫን ይወጋል፣ ፍሬው ይደበቃል። ቀዩን ከመጠጣቱ በፊት ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ርካሽ ቀይ ወይንን ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ የሚያሻሽል ከዚህ የበለጠ ነገር አላውቅም። ነጩ ደግሞ በተቃራኒው በረዶ እስኪመስል ከቀዘቀዘ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል።

ተረት፦ ለሥጋ ቀይ፣ ለዓሣ ነጭ

ይህ ሕግ በርበሬ ከማያውቅ ማዕድ የወጣ ነው። ለእኛ ገበታ ሁለት ጥያቄ ይቀድማል፤ ምን ያህል ያቃጥላል? ምን ያህል ይኮመጥጣል?

አልኮልና ታኒን የበርበሬን ቃጠሎ ያባብሳሉ። 14.5 በመቶ አልኮል ያለው፣ አፍ የሚያደርቅ ቀይ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ሲጠጣ ወጡ የእሳት ያህል ይሆናል፣ ወይኑም ይመርራል። የሥጋ ወጥ ስለሆነ ቀይ ይገባዋል ብሎ የገዛው ሰው ጥፋቱን በወይኑ ላይ ይጥላል። ለዶሮ ወጥና ለቃጠሎ ለበዛበት ምስር ወጥ አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው፣ የቀዘቀዘ ወይን ይስማማል፤ ድራይ ያልሆነ ሪስሊንግ፣ ሸነን ብላን፣ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ጣፋጭ ቀይ።

ሁለተኛው እንጀራው ነው። ኮምጣጣ ምግብ በወይን ውስጥ ያለውን ኮምጣጣነት ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ በራሱ ለስላሳ የሆነ ወይን ከእንጀራ ጋር ሲቀርብ ውኃ ውኃ ይላል። ወይኑ ቢያንስ የእንጀራውን ያህል ኮምጣጣ መሆን አለበት። ለሽሮና ለበያይነቱ ከፖርቱጋል ቪኞ ቬርዴ፣ ወይም ሶቪኞ ብላን እመርጣለሁ። ቀይ ካልሆነ ለማይለው ደግሞ ከሰሜን ጣሊያን ባርቤራ አለ፤ ኮምጣጣነቱ ከፍ ያለ፣ ታኒኑ ዝቅ ያለ፣ ዋጋውም የማይጎዳ ነው። ለእኛ ምግብ ታስቦ የተሠራ እስኪመስለኝ ድረስ እወደዋለሁ። አፍ የሚያደርቀው ድራይ ቀይ ቦታው ከጥብስና ሚጥሚጣው ካልበዛበት ክትፎ ጋር ነው፤ የሥጋው ፕሮቲንና ቅቤው ታኒኑን ያለዝቡታል።

ተረት፦ ጠርሙሱ ይናገራል

ከባድ ጠርሙስ ከባድ ብርጭቆ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ከሥሩ ወደ ውስጥ በጥልቀት የገባ ጠርሙስም እንዲሁ። ብርጭቆው ላይ እየተንጠባጠበ የሚወርደው «እንባ» አልኮል ከውኃ ቀድሞ ስለሚተን የሚፈጠር ነው፤ ስለ አልኮሉ መጠን ይነግራል፣ ስለ ጥራቱ አይናገርም። «ሪዘርቭ» የሚለው ቃል በአሜሪካ ወይን ላይ ሕጋዊ ትርጉም የለውም፣ ማንም ሊጽፈው ይችላል። በስፔን ቀይ ወይን ላይ ግን «ሬዘርቫ» ማለት ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ፣ ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ጊዜ በበርሜል ያሳለፈ ማለት ነው፤ በሕግ የተደነገገ ነው።

ተረት፦ ራስ ምታቱ የሰልፋይት ነው

ሰልፋይት ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመር፣ በመፍላት ጊዜም በጥቂቱ ራሱ የሚፈጠር ነው። ነጭ ወይን ከቀዩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ሰልፋይት አለው፤ ሰው ግን ራሴን አመመኝ የሚለው ቀዩን ጠጥቶ ነው። የደረቀ አፕሪኮት ከወይን እጅግ የበለጠ ሰልፋይት ይይዛል፣ ራስ ምታት ሲያስነሣ ግን አይሰማም። አስም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች በእርግጥ ይጠነቀቁት፤ የእነሱ ችግር ግን የትንፋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ኬርሴቲን የሚባል፣ ፀሐይ በበዛበት የወይን ልጣጭ ውስጥ የሚበዛ ንጥረ ነገር ሰውነት አልኮልን የሚያጣራበትን ሂደት ሊያዘገይ እንደሚችል ጽፈዋል። ገና በሰው ላይ የተረጋገጠ አይደለም። የተረጋገጠው አልኮሉ ራሱ ነው፤ በየብርጭቆው መሐል አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጡ።

ተረት፦ በቀን አንድ ብርጭቆ ቀይ ለልብ ጥሩ ነው

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዮች ቅባት እየበሉ የልብ ሕመማቸው ያነሰው በቀይ ወይን ነው የሚል ወሬ ዓለምን አዳረሰ። ዛሬም ብዙ አባቶቻችን «ሐኪም ያዘዘው ነው» ብለው ይጠጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 ያወጣው መግለጫ ግልጽ ነው፤ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም። አልኮል ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። 13 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 77 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል አለ። ወይንን የምንጠጣው ስለሚጣፍጥና ከሰው ጋር ስለሚያቀራርብ ከሆነ በቂ ምክንያት ነው፤ መድኃኒት ነው እያልን ግን ራሳችንን አናታልል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ መኪና የሚነዳ ሰው አንዱንም ብርጭቆ ይተወው።

ተረት፦ የተከፈተ ጠርሙስ በዚያው ምሽት ማለቅ አለበት

ይህ ተረት ሰውን ከፈለገው በላይ ያስጠጣል፣ ለሁለት ሰው አንድ ጠርሙስ መክፈትንም ያስፈራል። ወይን የሚበላሸው በአየር ነው፤ ቅዝቃዜ ደግሞ ያንን ያዘገያል። ቀይም ይሁን ነጭ ክዳኑን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ግማሹ ከቀረ ወደ ትንሽ ንጹሕ የውኃ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑት፤ አየር ስለማይቀርበት ይበልጥ ይቆያል። ቀዩን ከመጠጣታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡት። ሳምንት አልፎት ከሰለቸ ደግሞ ጥብስ ሲጠበስ መጨረሻ ላይ ጠብ ይደረግበታል።